ጉንዳን ሎሚያችሁ ላይ ከበዛ ቅጠሉን ገልብጡት

ሸዋሮቢትና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ሎሚ ወይም ብርቱካን ካለ ይቺን ልንገራችሁ። ጉንዳን ግንዱ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ሲመላለስ ካያችሁ፣ ቅጠሉም ጥላሸት የተቀባ ከመሰለ፣ ጠጋ ብላችሁ ገልብጡት። ከመሐለኛው ደም ሥር ግራና ቀኝ ከምስር የምታንስ ቡናማ ጠፍጣፋ ነገር ተለጥፋ ታገኛላችሁ። በጥፍር ስትፍቋት ትነሳለች፤ ስትጨፈለቅ ታረጥባለች። ነፍሳት ናት። ባለሙያዎች ስኬል ይሏታል።

የዛፉን ፈሳሽ እየመጠጠች እንደ ማር የሚያጣብቅ ነገር ታወጣለች። ጥላሸቱ እዚያ ላይ የሚበቅል ሻጋታ ነው። ጉንዳኑም የሚመጣው ጣፋጩን ፈልጎ ነው፤ በዚያው ጠላቶቿን ያባርርላታል።

አደራ፣ ቶሎ ወደ ኬሚካል አትሩጡ። ስኬልን የሚበሉ ጥንዚዛዎች አሉ፤ መርዙ እነሱንም ይፈጃል። ክፉኛ የተያዘውን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ አቃጥሉ። የቀረውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግ ፈተግ አድርጉት። ከዚያ 1 ሊትር ውሃ ላይ 1 የሻይ ማንኪያ ላርጎና 1 የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት በደንብ በጥብጡና ከቅጠሉ ሥር ርጩ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቅጠል ላይ ሞክሩት። በፀሐይ ግን በፍጹም! የቆላው ሙቀት ከዘይቱ ጋር ቅጠሉን ያቃጥለዋል፤ አመሻሽ ላይ ይሁን።

በሳምንት ልዩነት ሦስቴ ድገሙት። ትልቋን ቅርፊቷ ይከላከልላታል፤ በቀላሉ የሚሞቱት አዲስ የተፈለፈሉት ናቸው። ግንዱን ደግሞ በፌስታል ጠቅልላችሁ ላዩን ግሪስ ቀቡት፣ ጉንዳኑ እንዳይወጣ። ደብረ ብርሃን በረንዳ ላይ አበባ የምታሳድጉም ዘዴው ያው ነው።