ዲጂታል ሬዲዮው «አይሰራም» ከማለታችሁ በፊት፦ ችግርና መፍትሄ

አንዲት ትንሽ ከተማ የፖሊስ፣ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ ሬዲዮዋን ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ስትቀይር የመጀመሪያው ሳምንት ወሬ ሁሌም አንድ ነው፦ «የድሮው ይሻል ነበር»። ሬዲዮው በካርቶን ተጭኖ ጥገና ክፍል ይመጣል። ሲፈተሽ ግን አብዛኛው ጤነኛ ነው። ችግሩ ወይ ፕሮግራሙ ላይ ነው፣ ወይ የድሮውን ልማድ ይዘን መምጣታችን። ስለዚህ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ተጠቃሚውን አንድ ነገር ጠይቁት፤ እንዴት ነው «ያልሰራው»? ዝም አለ? ጮኸ? ወይስ ድምፁ ተበላሸ? ሦስቱ ፈጽሞ አይገናኙም።

«የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል»

ይሄ በጣም የተለመደው ነው፣ ለእኔ በጣም የሚያስፈራውም እሱ ነው። አንዱ «አትግቡ» ሲል ሌላው ጋ «ግቡ» ሆኖ ሲደርስ አስቡት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በድሮው ሬዲዮ ቁልፉን ስትጫኑ ወዲያው አየር ላይ ናችሁ። በአዲሱ፣ ፒ25ም ይሁን ቴትራ (ሁለቱም የዲጂታል ሬዲዮ ደረጃዎች ናቸው)፣ ቻናል የሚያድለው ሲስተሙ ከሆነ ሬዲዮው መጀመሪያ ሲስተሙን ቻናል ይጠይቃል፣ ሲስተሙ ክፍት ቻናል ፈልጎ ይሰጠዋል፣ የቡድናችሁን ሬዲዮዎች ሁሉ ወደዚያ ይጠራል። ብዙ ጊዜ ግማሽ ሴኮንድ እንኳን አይሞላም፣ ግን አንድ ቃል ለመዋጥ በቂ ነው። መፍትሄው፦ ቁልፉን ተጫኑ፣ ቻናል ሲገኝ ሬዲዮው የሚያሰማውን የፈቃድ ድምፅ ጠብቁ፣ ከዚያ ተናገሩ። ድምፁ ጭራሽ ካልተሰማ ፕሮግራሙ ላይ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ አስከፍቱት። «ይረብሻል» ብሎ የሚያዘጋ ሰው አይጠፋም፣ እሺ አትበሉት።

«ስጫነው ቡ... ብሎ ይከለክለኛል»

ያ ወፍራም ድምፅ «አልተፈቀደም» ማለት ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። ለምን እንዳልተፈቀደ ለማወቅ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። እዚያው ቦታ ያሉት ሬዲዮዎች ሁሉ ከተከለከሉ የሬዲዮ ማማው ሲግናል አይደርሳችሁም፣ ቦታ ቀይሩ። የእናንተ ብቻ፣ ያውም በአንድ ቶክ ግሩፕ (አብረው የሚነጋገሩ ሬዲዮዎች ቡድን) ብቻ ከሆነ፣ ወይ ለዚያ ግሩፕ ፈቃድ የላችሁም ወይ የሬዲዮአችሁ መለያ ቁጥር ሲስተሙ ላይ አልተመዘገበም። ይሄ የአስተዳዳሪው ሥራ ነው፣ ሬዲዮውን መፍታት ምንም አይጠቅምም። ትልቅ አደጋ ላይ ሁሉም ባንዴ ሲያወራ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ቻናሉ ሞልቷል። በብዙ ሲስተም ወረፋ ይያዝላችኋል፣ ሲለቀቅ ሬዲዮው ራሱ ድምፅ ይሰጣችኋል።

«ድምፁ እንደ ሮቦት ይሆንና ጭልጥ ይላል»

አናሎግ ሲርቅ ያስጠነቅቃል፤ ሻሻታው እየጨመረ ይሄዳል፣ ጆሮ የለመደ ሰው ከሻሻታው ውስጥ ቃል ይለቅማል። ዲጂታል እንዲህ አይደለም። ስህተቱን እያረመ እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ይቆይና፣ ማረም ሲያቅተው ትንሽ ይንተባተብና ይጠፋል። ገደል በሉት።

መጀመሪያ አንቴናውን እዩ። ከ150 ሜጋኸርዝ አካባቢ ወደ 800 የተዛወረ ከተማ ውስጥ የድሮውን አንቴና አዲሱ ሬዲዮ ላይ ያሰረ ሰው አይጠፋም። የአንቴና መጠን የሚወሰንበት የሩብ ሞገድ ርዝመት በ155 ሜጋኸርዝ 48 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ በ850 ግን 9 እንኳን አይሞላም፣ ስለዚህ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ሁለተኛ፣ ወገብ ላይ የታሰረ ሬዲዮ ሲግናሉን ለሰውነታችሁ ነው የሚያበላው። ወደ ደረት ወይ ወደ ፊታችሁ ከፍ አድርጉት።

ምድር ቤትና ወፍራም ኮንክሪት ግን በዚህ አይፈታም። ወይ ሕንፃው ውስጥ ሲግናል ማጉያ ይገጠማል፣ ወይ ማማውን ትታችሁ ከሬዲዮ ወደ ሬዲዮ በቀጥታ ታወራላችሁ። ብዙ የእሳት አደጋ ቡድኖች ለእሳቱ ቦታ ብቻ የአናሎግ ቀጥታ ቻናል ያስቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። ኋላ ቀርነት የሚመስለው ካለ ጭስ ውስጥ ገብቶ ይሞክረው።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። የሲግናል ምልክቱ ሙሉ ነው፣ ድምፁ ግን ብትንትን ይላል። ይሄ ብዙ ማማዎች አንዱን ንግግር በአንድ ፍሪኩዌንሲ ባንድ ጊዜ በሚለቁበት ሲስተም ላይ፣ ሁለት ማማ እኩል በሚደርስበት ቦታ ይከሰታል። የአንዱ ሞገድ ትንሽ ዘግይቶ ይመጣና እርስ በርስ ይምታታሉ። ጥቂት እርምጃ መራመድ ወይም ዞር ማለት ብቻ ሊያስተካክለው ይችላል። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ከሆነ ግን ቦታውን መዝግባችሁ ለመሐንዲሶቹ ስጡ፤ የማማዎቹን ሰዓት፣ ኃይል ወይም የአንቴና አቅጣጫ ያስተካክላሉ።

«መጋዙ ሲነሳ ሰውየው አይሰማም»

ፒ25 በመጀመሪያው ዓይነቱ ድምፃችንን በሴኮንድ ወደ 4,400 ቢት ያጭቀዋል፣ ይህን የሚያደርገው ደግሞ የሰው ድምፅ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ በመገመት ነው። መጋዝ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛው የሚተነፍስበት አየር ሊያልቅ ሲል የሚጮኸው ደወል ሲቀላቀልበት ግምቱ ይፋለሳል፣ የሚወጣው ድምፅ ከጫጫታው ጋር ተቦክቶ ነው። መጮህ አያዋጣም፣ እንዲያውም ያባብሰዋል። ማይኩን ከአፋችሁ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ያዙት፣ ጀርባችሁን ለጫጫታው ስጡ፣ በእጃችሁ ጋርዱት፣ እንደ ወትሮው ተናገሩ።

ሁለት ሬዲዮ ጎን ለጎን ሆነው አንዱ ሲያወራ ሌላው የሚያስተጋባ ከሆነ ደግሞ የአንዱን ድምፅ ቀንሱ። ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

«ሌሎቹ ያወራሉ፣ እኔ ጋ ዝም»

ንግግሩን ለሌላ ሰው እንዳይሰማ የሚሰውረው ምስጠራ ከተከፈተ፣ የሁሉም ሬዲዮ የምስጠራ ቁልፍ (የምትጫኑት ሳይሆን ሬዲዮው ውስጥ የሚጫን ሚስጥራዊ ቁጥር) አንድ መሆን አለበት። ቁልፉ ተቀይሮ አዲሱ በፈረቃ ምክንያት ለአንዱ ሬዲዮ ካልተጫነለት ወይ ዝም ይላል ወይ የማይገባ ጫጫታ ያሰማል። አንዳንዱ ሞዴል ደግሞ ባትሪው ለረጅም ጊዜ ሲወጣ ቁልፉን ይረሳል። ቁልፉን እንደገና አስጭኑ። እኔ ብጠየቅ ግን ሁሉንም ቻናል መመስጠር አልደግፍም፤ ሊረዳችሁ የመጣው የጎረቤት ከተማ ቡድን ቁልፉ ከሌለው አጠገባችሁ ቆሞ አይሰማችሁም።

ጎረቤቱ ገና አናሎግ ላይ ከሆነ ደግሞ ቁልፍ ቢኖረውም ባይኖረውም ለውጥ የለውም። ሁለቱን የሚያገናኝ መሣሪያ ማዘዣ ክፍል ይግባ፣ ወይ መኪናው ላይ አንድ የድሮ ሬዲዮ ይቅር። ሙከራው አደጋ በሌለበት ቀን ይደረግ።

«በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ጥሪ አልደረሳቸውም»

ይሄ ሁሌ ይረሳል። ወገብ ላይ የሚታሰረው የጥሪ መሣሪያ (ፔጀር) ብዙ ጊዜ አናሎግ ነው፣ የድሮው ፍሪኩዌንሲ ሲዘጋ አብሮ ይሞታል። አዲስ መሣሪያ እስኪታደል ድረስ ያንን አንድ ፍሪኩዌንሲ አትዝጉት።

«ቤት ያለው ስካነሬ ጸጥ አለ»

የአናሎግ ስካነር (የሬዲዮ ንግግር ማዳመጫ መሣሪያ) ዲጂታል አይፈታም፣ ከከተማው ሲስተም ዓይነት ጋር የሚሄድ ዲጂታል ስካነር ያስፈልጋል። ሁለተኛውን የፒ25 ዓይነት የሚጠቀም ከተማ ከሆነ ያንን መቀበሉን ሳታረጋግጡ አትግዙ። የተመሰጠረውን ግን የትኛውም ስካነር አያሰማችሁም፣ ሻጩ ምንም ቢላችሁ።