የውጭ አይጥን ከልጄ ነጭ አይጦች ያራቅኩበት መንገድ

የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ክረምቱ ሲገባ የልጄ ሁለት ነጭ አይጦች ጎጆ ሥር ጠዋት ጠዋት ኩስ ማየት ጀመርኩ። ከሩዝ ፍሬ የሚበልጥ፣ ጥቁር፣ ገና እርጥብ። የውጭ አይጥ ሌሊት እየመጣ የተራገፈውን እህል ይለቅማል ማለት ነው። እኔን ያስፈራኝ ሽንቱ ነው። ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ በሽንት ይተላለፋል፤ ከውጪው አይጥ ወደ እነሱ፣ ከእነሱ ወደ ልጄ እጅ።

ወጥመድ አጠመድኩ፤ አንዱ ሲያዝ ሌላው ይመጣል። ድመት ተዋስኩ፤ ጎጆውን ልትገለብጠው ነበር። መርዝማ ጭራሽ አላሰብኩትም።

በመጨረሻ የበጀኝ መግቢያውን መድፈን ነው። ማታ በባትሪ ፈለግኩ። የውሃ ቧንቧው በሚገባበት ግድግዳ ላይ አውራ ጣቴን የሚያስገባ ቀዳዳ አገኘሁ፤ ጠርዙ በአይጦቹ ገላ ቅባት ጠቁሯል። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ጠቅጥቄ በሲሚንቶ ለሰንኩት። ጎጆውን ጠረጴዛ ላይ አወጣሁና ዙሪያውን 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው የሽቦ ወንፊት ሸፈንኩት። እህሉም ክዳን ያለው ጣሳ ውስጥ ገባ።

ኩሱን በደረቁ እንዳትጠርጉት፣ አደራ፤ አቧራው ወደ ሳንባ ይገባል። ጓንት አድርጉ። 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አርጥቡት፤ 10 ደቂቃ ቆይታችሁ በሶፍት አንሱት።

ሦስት ሳምንት ሆነ፣ ጎጆው ሥር ምንም የለም።