«ትለምደዋለህ» አትበሉት፦ አምቡላንስ ላይ የምንደጋግማቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ ልጅ ከሌሊት ተረኝነት ሲወጣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ነባሩ ሹፌር ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ፣ ትለምደዋለህ» አለው። በ11 ዓመት ሥራዬ ይህን ቃል የሰማሁበት ጊዜ ቁጥር የለውም። ከስህተቶቻችን ሁሉ የከፋው እሱ ነው።

እኔም ብዬዋለሁ። ከዓመታት በፊት አንዲት ሕፃን ከቀለበት መንገድ አንስተን ሆስፒታል ሳንደርስ አረፈች። አብሮኝ የነበረው ልጅ ሥራ ከጀመረ ገና ሁለት ወሩ ነው። ስንመለስ ቃሬዛውን ማጠብ ጀመረ። አጠበው፣ አደረቀው። በረኪና ጨምሮ እንደገና አጠበው። አራተኛው ላይ «በቃ ተወው፣ ትለምደዋለህ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ጓንቱን አወለቀ። ከዚያ በኋላ በልቡ ያለውን አንድም ቀን አልነገረኝም። በሦስት ወሩ ሥራውን ለቀቀ።

«ትለምደዋለህ» የተባለ ሰው የሚሰማው «የከበደህ አዲስ ስለሆንክ ነው፣ ዝም በል» የሚል ነው። እኛ ነባሮቹስ መች ለመድነው? ሆድ ይፍጀው ብለን ነው የያዝነው። ያን ቀን ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነገር ነበር። ባልዲውን ተቀብዬው «እኔም ከብዶኛል፣ ና ሻይ እንጠጣ» ማለት። ቤት ማን እንደሚጠብቀው መጠየቅ። ማታ ደወል ማድረግ።

ተቃራኒውም ስህተት ነው። ከከባድ ጥሪ በኋላ ሁሉንም ሰብስቦ «ያየኸውን በዝርዝር ተናገር» ብሎ ማስጨነቅ። የዓለም ጤና ድርጅትም አደጋ ባየ ሰው ላይ ወዲያው እንዲህ ያለ የአንድ ጊዜ ውይይት ማካሄድን አይመክርም። መናገር የፈለገ ይደመጥ። ያልፈለገ ውሃ ይጠጣ፣ ይረፍ፣ ቤተሰቡ ጋ ይደውል።

ሌሊት ለመንቃት ጫት፣ ጠዋት ለመተኛት ጨብሲ፣ ማለትም የጫቱን ምርቃና ለማብረድ መጠጥ። ስንት ጎበዝ ልጅ በዚህ ሲያልቅ አይቻለሁ። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፣ በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ሐኪም ሳያዝ የእንቅልፍ ኪኒን መዋጥም አያዋጣም።

ተረኝነት ሊያልቅ ሲል ቡና አትጠጡ። ከጠጣችሁ አምስት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላም ግማሽ ያህሉ ካፌይን ሰውነታችሁ ውስጥ አለ።

ቤት ገብታችሁ ደግሞ የዛኑ አደጋ ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ አትፈልጉ። እባካችሁ።

«እኔ እኮ ቆሼ አልነበርኩም» የሚሉም አሉ። መጋቢት 2009 አዲስ አበባ ያለው የቆሼ የቆሻሻ ክምር ሲናድ ከ100 በላይ ሰው ሞቷል፣ አስከሬን ፍለጋው ቀናት ፈጅቷል። እዚያ የዋለ ሰው ቢታመም ማንም አይገርመውም። ግን ሰውን የሚጥለው ትልቅ አደጋ ብቻ አይደለም። እኔን የጣለኝ አንድ ተራ የመኪና ግጭት ነው። አስፋልቱ ላይ የወደቀችው ጫማ የልጄን ጫማ ትመስል ነበር። ሮዝ፣ በማጣበቂያ የምትታሰር። ከዚያ ወዲያ ያንን መንገድ ላለማየት ስል ታክሲ እየቀየርኩ ዞሬ እሄድ ነበር። የበር መዝጊያ ድምፅ ያስደነግጠኛል። ቤት ውስጥ በትንሽ በትልቁ እጮህ ነበር።

እንዲህ ያለው ነገር ከወር ካለፈ ሐኪም ማየት ግድ ነው። እኔ ግን ስምንት ወር ቆየሁ። «አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ስገባ ሰው ቢያየኝስ?» እያልኩ። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ እኔም ሄጃለሁ። ሕክምናውን ግን በእሱ አትተኩ፣ የተጀመረ መድኃኒትም ያለ ሐኪም ምክር አታቋርጡ።

በመጨረሻ ሄድኩ። ካርድ ክፍል ሰልፍ ይዤ ከፊቴ የቆመው ሰው ዞር ሲል፣ ስንት ቃጠሎ ላይ አብረን የሠራን የእሳት አደጋ ባልደረባ ነው። ሁለታችንም መጀመሪያ አንገታችንን ደፋን። ከዚያ «አንተም?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ተራችን እስኪደርስ አግዳሚው ላይ አብረን ተቀመጥን።