ለሚያሳክከው ውሻ የጣሳ ምግብ ስትመርጡ

ውሻዬ ዳማ ሌሊቱን እግሩን ሲልስ ያድር ነበር። የጣቶቹ መሃል ቀልቶ፣ ጠጉሩ በምራቁ ዝጎ፣ ጆሮውን ገለጥ ስታደርጉት የሆነ የሻገተ ሽታ ይመጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ ቁንጫ ነው እያልኩ መድኃኒት ስነሰንስበት ኖርኩ። በኋላ ነው ልብ ያልኩት፦ ሁዳዴ ሲጋመስ ይሻለዋል፣ ፋሲካ አልፎ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲሆን ይብስበታል። ቤታችን ሥጋና ወተት ሲያቆም ለሱም የሚደርሰው ትራፊ ይለወጣል ማለት ነው።

እናንተም ዘንድ እንዲህ ካለ፣ መጀመሪያ ቁንጫውን፣ መዥገሩንና እከኩን የእንስሳት ሐኪም ይይላችሁ። አብዛኛው የሚያሳክከው ውሻ ችግሩ ምግብ አይደለም። ይህ ሳይጣራ ውድ ጣሳ አትግዙ።

ቀጥሎ ወረቀት ያዙና እስካሁን የበላውን ጻፉ። ሁሉንም፤ የቅርጫውን ሥጋ፣ የዶሮውን፣ ዳቦውን፣ አጓቱን፣ ልጆች ደብቀው የሚሰጡትን ጭምር። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት የምግብ አለርጂ ያለባቸውን 297 ውሾች ተመልክቶ ነበር፦ 34 በመቶውን ያስቸገረው የበሬ ሥጋ ነው፣ የወተት ውጤት 17፣ ዶሮ 15፣ ስንዴ 13 በመቶ። እኛ አገር ያለ ውሻ የሚበላውም ይኸንኑ ነው።

የምትገዙት ጣሳ እንግዲህ ወረቀታችሁ ላይ የሌለ ሥጋ ይሁን። በግና ፍየል ላይ አትቸኩሉ፤ በሬ የማይስማማው ውሻ አንዳንዴ በነሱም ይነሳበታል። ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ላደገ ውሻ ዓሣ አዲስ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር የቆሮሶ ጭንቅላት ሲለቅም ለኖረ ግን አይደለም፣ ለሱ ዳክዬ ወይም ጥንቸል ፈልጉ። አዲስ ነገር ከጠፋ ሐኪሙን ስለ ሃይድሮላይዝድ ምግብ ጠይቁት። ፕሮቲኑ በጣም ተሰባብሮ ስለሚሠራ ሰውነቱ ለይቶ አይቆጣበትም። ዋጋው ግን ከበድ ይላል።

አሁን ጣሳውን አዙሩት። ፊቱ ላይ ያለው የዓሣ ሥዕል ምንም አይነግራችሁም። «ዊዝ ፊሽ» (ዓሣ ያለበት) ብሎ የጻፈ ጣሳ በአሜሪካ ደንብ 3 በመቶ፣ በአውሮፓ 4 በመቶ ዓሣ ቢኖረው ይበቃዋል፣ የቀረው ዶሮ ወይም በሬ ሊሆን ይችላል፣ እኔም የመጀመሪያዎቹን ስድስት ጣሳዎች ከአዲስ አበባ በሰው አስመጥቼ ቤት ስደርስ ነው ጀርባው ላይ የዶሮ ጉበት መኖሩን ያነበብኩት። ስለዚህ «ቺክን» (ዶሮ)፣ «ቢፍ» (የበሬ ሥጋ)፣ «ሚልክ» (ወተት)፣ «ዊት» (ስንዴ) የሚሉትን እስከ መጨረሻው መስመር ፈልጉ። «ሚት ኤንድ አኒማል ዴሪቫቲቭስ» (ሥጋና የእንስሳት ተዋጽኦ) ካለ የምን ሥጋ እንደሆነ አልተናገረም፣ መልሱት። «ሃይፖአለርጀኒክ» (አለርጂ እምብዛም የማያስነሳ) የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም። «ኮምፕሊት» (የተሟላ ምግብ) የሚል መኖሩን ደግሞ እዩ፤ «ኮምፕሊመንተሪ» (ተጨማሪ ምግብ) የሚለው ብቻውን ለሳምንታት የሚበላ አይደለም።

እርጥብ ምግብ ሦስት አራተኛው ያህል ውሃ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ባለ 400 ግራሙን በቀን ሁለት ተኩል፣ ሦስት ጣሳ ሊጨርስ ይችላል። ከመጀመራችሁ በፊት አስሉት። አቅም ካልፈቀደ ሐኪሙን አማክራችሁ እሾሁ የወጣ ዓሣ ከድንች ጋር ቀቅሉለት፣ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት። ሽንኩርት፣ ነጭም ቀይም፣ ለውሻ መርዝ ነው። ወጥ የነካው እንጀራ የማይሰጠውም ለዚህ ነው።

ከአሮጌው ወደ አዲሱ በሳምንት ውስጥ ቀስ እያላችሁ አሻግሩት። የተከፈተውን ጣሳ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጣችሁ ክደኑና ፍሪጅ አስገቡ፣ በሦስት ቀን ይለቅ። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ትንንሹን ጣሳ ግዙ።

ከዚያ በኋላ፣ ማሳከኩ ከምግብ መሆኑን ለመሞከር፣ 8 ሳምንት ሌላ ምንም አይቀምስም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸነፈው። ጎረቤት አንዲት ቁራሽ ዳቦ ከወረወረለት ሙከራው ተበላሸ፤ ሥጋ ሥጋ የሚል የትላትል ኪኒን እንኳ ያበላሻል። የኔ ምክር በቅበላ ሳምንት ማሻገሩን ጀምሩ፣ ሁዳዴ ሲገባ ጣሳው ብቻ ይሁን። 55 ቀን ማለት ስምንት ሳምንት ሊሞላ አንድ ቀን ነው የሚጎድለው፣ ቤት ውስጥም የሚፈተንበት ሥጋ የለም።

ፋሲካ ሲመጣ ግን ሁሉን አንዴ አትስጡት። አንዱን ዓይነት መልሱለትና ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ዳማ የበሬ ሥጋ በቀመሰ በአምስተኛው ቀን እግሩን መላስ ጀመረ። ወደ ዓሣው መልሼው እስኪሻለው ጠበቅኩና ዶሮ ሞከርኩ፣ ምንም አላለውም። አሁን የምገዛለት የዶሮ ጣሳ ነው። ዓሣውን ከማስመጣት ይረክሳል፤ ጀርባውን ግን አሁንም ሳላነብ አልከፍልም።