ከስኮትላንድ ትንሽ ከተማ ጃማይካ ወይ ሲሎን ሄዶ የቀረ ሰው እንዴት ይፈለጋል

ግላስጎው ወይ ኤድንበራ የምትኖሩ፣ ቅዳሜ በባቡር ወጣ ብላችሁ ትንንሽ ከተሞችን የምታዩ ከሆነ የድሮ ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ ያሉትን የመቃብር ድንጋዮች ቆም ብላችሁ አንብቧቸው። "ጃማይካ የሞተው ልጃችን" አይነት ነገር የተፃፈበት አታጡም። ሰውየው ማን ነበር፣ እዛ ድረስ ሄዶ ምን ሲሰራ ነበር የሚለውን መፈለግ ደግሞ ያን ያህል ከባድ አይደለም፣ ብዙው በነፃ ነው። ብቻ ዲኤንኤ ቴስት ምናምን ገዝታችሁ አትጀምሩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

የወደብ ከተማ ከሆነ የመንገድ ስሞቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል። ግሪኖክን ብታዩ ጃማይካ ስትሪት አለ፣ ቶባጎ ስትሪት አለ፣ ከ1765 ጀምሮ የካሪቢያን ስኳር ሲያጣራ የኖረ ከተማ ነው፣ የመጨረሻው ፋብሪካ የተዘጋው 1997 ላይ ነው። ያኔ መሄድ የተለመደ ነገር ነበር፣ ገጣሚው ሮበርት በርንስ እንኳን በ1786 ጃማይካ እርሻ ላይ ስራ ይዞ ሊሳፈር ሲል ኪልማርኖክ ላይ የታተመው የግጥም መፅሐፉ ስለተሸጠለት ነው የቀረው።

ድንጋዩን ስታገኙ ፎቶ አንሱና የሚስትየዋን ስም መጀመሪያ ያዙ። የስኮትላንድ መዝገብ ደስ የሚለው ሴቷ እንደኛ አገር የአባቷን ስም ይዛ ትገኛለች፣ ይሄ በጣም ይጠቅማል ምክንያቱም የወንዶቹ ስም ያደክማል፣ የመጀመሪያ ልጅ በአባት አባት ሁለተኛው በእናት አባት ይሰየም ስለነበር አንድ ሰፈር ውስጥ አምስት ጆን ካምቤል ቢገጥማችሁ እንዳይገርማችሁ። ስለዚህ ስሙ ስለገጠመ ብቻ አገኘሁት አትበሉ፣ ስራው፣ አጥቢያው፣ የሚስቱ ስም አብረው መግጠም አለባቸው።

ከዛ ስኮትላንድስ ፒፕል የሚባለው የመንግስት ድረገፅ ላይ ግቡ። ከ1855 ወዲህ ያለው የመንግስት ምዝገባ ነው፣ ከዛ በፊት ያለው የቤተክርስቲያን መዝገብ ነው፣ ክርስትና የተነሳበትን ቀን የምታገኙት እዛ ነው። የገፁን ፎቶ ለማየት ክሬዲት መግዛት ስላለባችሁ መጀመሪያ ሰርች አድርጋችሁ አጥብቡት፣ ዝም ብሎ መክፈት ብር ይበላል። ውጪ የሞተ ሰው የሞት መዝገቡ ብዙ ጊዜ እዚህ የለም፣ ስለዚህ ኑዛዜ ፈልጉ። ኑዛዜ ላይ ነው እርሻው የት እንደነበር፣ ከጋብቻ ውጪ የተወለዱ ልጆችም እንዳሉት የሚወጣው፣ ከእነዚህ ልጆች ውስጥ ትምህርት ቤት ተብለው ኢንቨርነስ ድረስ የተላኩ ነበሩ።

አሁን ዋናው ጋር ደረስን። የለንደኑ ዩሲኤል ዩኒቨርሲቲ የባርነት ካሳ ዳታቤዝ አለው፣ በነፃ ነው። እንግሊዝ ባርነትን በህግ ስታስቀር በ1834 ስራ ላይ ሲውል 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ከፈለች፣ ለማን? ለባለቤቶቹ! በባርነት ለኖሩት አንድ ሳንቲም አልደረሳቸውም። ለዚህ ብሎ ያመለከተ ሰው ሁሉ ተመዝግቧል፣ በስም ብቻ ሳይሆን በአድራሻም ስለሚፈለግ የከተማውን ስም አስገቡና እዩ። ስንት ሰው ይዞ ነበር፣ ስንት ፓውንድ ተቀበለ፣ እርሻው የቱ ነው፣ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። ፀጥ ያለች የባህር ዳር ከተማ ውስጥ የምትኖር ባልቴት ሳይቀር ካሳ ጠይቃለች። ሰው ስኮትላንድ በዚህ ነገር የለችበትም ሲል የምሰማው ይሄን ስላላየ ይመስለኛል።

የእርሻውን ስም ካገኛችሁ እዚህ እንዳታቆሙ፣ እኔ ግማሽ ስራ ነው የምለው። ከ1817 ጀምሮ ጃማይካ ላይ ባለቤቶች የያዟቸውን ሰዎች ማስመዝገብ ነበረባቸው፣ መዝገቡ ላይ ስም፣ እድሜ፣ አፍሪካ የተወለደ ወይስ እዛው የሚለው፣ አንዳንዴ የእናት ስም ጭምር አለ። አንሰስትሪ የሚባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረገፅ ላይ ኢንዴክሱን (የስም ማውጫውን) ታገኙታላችሁ። ክርስትና ሲነሱ ብዙዎቹ የባለቤቱን ስም ስለያዙ ከዛ ወዲህ ፋሚሊ ሰርች የሚባለው ሌላ የዘር ሐረግ ድረገፅ ላይ ባለው የጃማይካ የቤተክርስቲያን መዝገብ በቤተሰብ ስም መከተል ይቻላል፣ አካውንት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ዛሬ ጃማይካ ውስጥ ካምቤል የሚባል ሰው የበዛው ወዶ አይደለም። ሁሉም ግን ስኮትላንዳዊ ደም አለው ማለት አይደለም፣ ስም ብቻ የወረሰም አለ፣ ዲኤንኤውን ከፈለጋችሁ እዚህ ጋ ነው የሚጠቅመው።

የናንተ ሰው የሄደው ወደ ሲሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ ከሆነ መንገዱ ይለያል ምክንያቱም ጊዜው ከካሳው በኋላ ነው። ጥሩ ምሳሌ ጄምስ ቴይለር ነው፣ ኦክንብሌ ከምትባል መንደር አጠገብ ተወልዶ በ1852 ገና በ16 ዓመቱ ቡና እርሻ ላይ ሊሰራ ሄደ፣ በ1867 ሉልኮንደራ የሚባል እርሻ ላይ 19 ኤከር ሻይ ተከለ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የቡና ዋግ ደሴቱ ላይ ገባና ቡናውን ቀስ በቀስ ጨረሰው (መነሻው የኛ አገር የሆነው ቡና እዛ እንዲህ ሆኖ ቀረ)፣ ሻይ ቦታውን ወሰደ። ቅጠሉን የሚለቅሙት ግን ከደቡብ ህንድ የመጡ ታሚሎች ነበሩ። ቴይለር በ1892 እዛው ሞቶ ካንዲ ተቀበረ። ለቤተሰቡ የፃፋቸው ደብዳቤዎች ኤድንበራ ብሄራዊ ቤተመፃህፍት አሉ፣ ለእንደዚህ አይነት ሰው ከመዝገብ ይልቅ ደብዳቤ ነው የሚሻለው። የአንባቢ ካርዱ ነፃ ነው፣ መታወቂያና የአድራሻ ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ፣ የእጅ ፅሁፍ ዝም ብሎ ከመደርደሪያ ስለማይነሳ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት በኦንላይን እዘዙት።