ያለ ዳኛ ሰርቨር ዳይስ መጣል፦ በሃስኬል እንዴት እንደፈታሁት

ሃስኬል በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍኩት የሉዶ ጨዋታ ሁለት ኮምፒውተሮችን በቀጥታ ያገናኛል። መስመሩ በቲኤልኤስ (የኢንተርኔት ግንኙነትን በሚመሰጥር ስልት) የተመሰጠረ ነው፤ አደጋው ግን ከውጭ ሰላይ ሳይሆን ከተቃራኒው ተጫዋች ነበር። ዳይሱ የሚወጣው ከሁለቱ ተጫዋቾች ቁጥሮች ስለሆነ፣ ኋላ የሚልከው የፊተኛውን አይቶ ስድስት ማውጣት ይችላል። ምስጠራ ይህን አይከለክልም።

አሁን እያንዳንዱ ተጫዋች ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ 32 የዘፈቀደ ባይት ይወስድና በቅድሚያ የሻ-256 አሻራውን (ከባይቶቹ የሚሰላ፣ ባይቶቹን ግን የማያሳይ ኮድ) ብቻ ይልካል። ቁጥሮቹ የሚገለጡት ሁለቱም አሻራዎች ከደረሱ በኋላ ነው። ከ1 እስከ 6 ያለውን ቁጥር ብቻውን በአሻራ ማሸግ ከንቱ ነው፤ ስድስቱን አሻራ አስልቶ ማወዳደር ለማንም ቀላል ነው።

እጅግ ያሳሰበችኝ ቀዳዳ ግን ሌላ ናት። ተቃራኒው የእኔኑ አሻራ ገልብጦ ቢልክ፣ ቁጥሬን ስገልጥም ያንኑ መልሶ ቢልክ፣ በኤክስኦር (ቢቶችን አነጻጽሮ ተመሳሳይ ሲሆኑ ዜሮ በሚሰጥ ስሌት) ሲጣመሩ ውጤቱ ሁልጊዜ ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ የተጫዋቹን መለያ፣ የጨዋታውን መለያና የተራውን ቁጥር በአሻራው ውስጥ አስገባሁ፤ የተገለበጠ አሻራ ከእንግዲህ አይገጥምም።

አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ያሉ 256 ዋጋዎች አሉት፤ 256 ለ6 እኩል ስለማይካፈል፣ 252 እና ከዚያ በላይ የሆነ ባይት ሲመጣ ጥዬ ቀጣዩን እወስዳለሁ። አለበለዚያ አንዳንድ ፊቶች ያደላሉ።

የሃስኬልን ውበት ያየሁት እዚህ ነው፦ «ታሽጓል» እና «ተገልጧል» የተለያዩ ታይፖች (የዳታ ዓይነቶች) ስለሆኑ፣ ሁለቱ አሻራዎች ሳይሟሉ ቁጥር የሚገልጥ ኮድ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) አያሳልፍም። ውጤቱን ቀድሞ አውቆ ግንኙነቱን የሚያቋርጥ ተጫዋች ደግሞ የጊዜ ገደቡ ሲያልፍ ይሸነፋል።