ፖሊሲ በጭብጨባ አይጸድቅም፦ በፓርቲ ስብሰባ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ይህን የምጽፈው በድሬዳዋ ለፓርቲ ሥራ አዲስ ለሆኑ አባላት ነው፤ በተለይም ገና ስብሰባ የመምራት ኃላፊነት ለተሰጣችሁ። የየትኛው ፓርቲ አባል እንደሆናችሁ አልጠይቅም። እኔ በፓርቲዬ ቅርንጫፍ ሰብሳቢም ቃለ ጉባኤ ያዥም ሆኜ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ የሌላ ፓርቲ ወዳጆቼ የሚነግሩኝም እኔ ካየሁት አይለይም። የምጨነቀው ስለ አንድ ሰው ነው፤ በድምፅ ስለተሸነፈው አባል። ያ ሰው ከአዳራሹ ሲወጣ «ሐሳቤ አልተመረጠም፤ ግን ተሰምቷል፣ ተቆጥሯልም» ማለት ከቻለ ነገ የተወሰነውን ይዞ ሕዝብ ፊት ይቆማል። ካልቻለ ግን ቤቱ ይቀመጣል፤ ወይም ፓርቲውን ጥሎ ይሄዳል።

ጭብጨባን እንደ ድምፅ መቁጠር

ሰብሳቢው ሰነዱን አንብቦ ይጨርሳል። «ሁላችንም የተስማማን ይመስለኛል» ይላል። ከፊት ረድፍ አንድ ሰው ያጨበጭባል፤ አዳራሹ ይከተለዋል። ጸሐፊው «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብሎ ይመዘግባል። እስኪ ማን ድምፅ ሰጠ? ማን ቆጠረ? የሚቃወም ሰው እጁን የሚያወጣበት ጊዜስ የቱ ነበር? ጭብጨባው ካበቃ በኋላ «ተቃውሞ አለ?» ብሎ መጠየቅ ጥያቄ አይደለም። በዚያ ሰዓት የሚነሣ ሰው የሚቃወመው ሰነዱን ሳይሆን የሚያጨበጭበውን አዳራሽ በሙሉ ይሆናል፤ ይህን የሚደፍር ጥቂት ነው።

ልማዱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በደርግ ዘመኑ ፓርቲ በኢሠፓም ከዚያ በኋላ አገር በመራው በኢሕአዴግም የአሠራሩ ስም ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት ነበር። በወረቀት ላይ ከውሳኔ በፊት ነፃ ክርክር፣ ከውሳኔ በኋላ ደግሞ አንድነት ይላል። በተግባር ግን ውሳኔው ከላይ ተጽፎ ይወርድ ነበር፤ ስብሰባ የሚጠራውም ለመቀበል ነበር። በዚያ ውስጥ ያደጉ አባላት ዛሬም መድረክ ላይ ሲወጡ እጃቸው ወደዚያው ይሄዳል። ወጣቶቹ ደግሞ ከእነርሱ ይማራሉ። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ሁለተኛው ነው።

ቆጠራ የሚያፈርስ ይመስላቸዋል። አያፈርስም። መጋቢት 2010 የኢሕአዴግ ምክር ቤት ሊቀመንበሩን ሲመርጥ ዶክተር ዐቢይ አህመድ 108፣ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ዶክተር ደብረጽዮን ገብረሚካኤል 2 ድምፅ ማግኘታቸው በይፋ ተነግሯል። ምርጫው የሰው እንጂ የፖሊሲ አልነበረም። ግን ሲነገር የሰማ ሁሉ ምክር ቤቱ በአንድ አፍ እንዳልተናገረ አወቀ፤ የተሸናፊዎቹም ድምፅ ቁጥር ኖረው። በቅርንጫፍ ደረጃ በሰላሳ ሰው መካከል ይህን ማድረግ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

በእኛ ቅርንጫፍ ስለ መንገድ ዳር ንግድ አንድ አቋም በጭብጨባ አልፎ ነበር። ከስብሰባው ስንወጣ ደጃፉ ላይ፣ ታይዋን ገበያ የሚነግዱ አንዲት እናት «ልጄ፣ እኔ ያጨበጨብኩት ሰው ሁሉ ስላጨበጨበ ነው፤ ይህ ነገር እኮ የእኔን መደብ ያነሣል» አሉኝ። ሌሎችም ተጨመሩ። አቋሙን ለነጋዴዎች የሚያስረዳ ሰው ሲፈለግ አንድም ፈቃደኛ አልተገኘም። በሙሉ ድምፅ የጸደቀ አቋም ነበር እኮ!

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። «የሚደግፉ» ብላችሁ ቁጠሩ። «የሚቃወሙ» ብላችሁ ቁጠሩ። «ድምፀ ተአቅቦ» ብላችሁ ቁጠሩ። ሦስቱን ቁጥር ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ ጸሐፊው ሲጽፍ ጠብቁት። አዳራሹ በሙሉ ደጋፊ ቢመስላችሁ እንኳ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጥያቄ አትዝለሉ። ማጨብጨብ የፈለገ ከዚያ በኋላ ያጨብጭብ።

ያልተጻፈ ሐሳብ ላይ እጅ ማውጣት

«የውሃ ችግር ቅድሚያ ይሰጠው» የሚል የውሳኔ ሐሳብ ቀርቦ ሁሉም እጁን ሲያወጣ አይቻለሁ። ማን ይቃወማል? ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ካልሲየሙ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ሲጋገር የሚኖር መሆኑን የከተማው ልጅ ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ አንዱ እጁን ያወጣው ተጨማሪ ጉድጓድ ይቆፈር ብሎ ነው። ሌላው ጨዋማነቱ ይቀነስ ብሎ ነው። ሦስተኛው ያረጀው የቧንቧ መስመር ይቀየር ብሎ ነው። ሦስቱ የተለያየ ገንዘብ፣ የተለያየ ባለሙያና የተለያየ ጊዜ ይጠይቃሉ፤ አንዱ ሲመረጥ ሌላው ይዘገያል። እጅ ሲቆጠር ግን ሁሉም አንድ ፖሊሲ የደገፉ መሰላቸው፤ ጠቡ የመጣው በጀት ሲነሣ ነው።

የውሳኔ ሐሳብ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ምን እንደሚደረግ፣ ማን እንደሚያደርገውና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይናገር። ሰብሳቢው ድምፅ ከማሰጠቱ በፊት ቃል በቃል ያንብበው። ክርክሩ ውስጥ ማሻሻያ ከቀረበ አስቀድሞ ማሻሻያው ላይ ድምፅ ይሰጥ፤ ቀጥሎ በተሻሻለው ጽሑፍ ላይ። ይህን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ ሰብሳቢ አባላቱን ምን እንደሚሆን በማያውቁት ጽሑፍ ላይ ያስፈርማል።

አማራጩ ሦስት ሲሆን የሚቀርቡበትን ተራ እንደ ቀላል ነገር ማየት

ይህ ብዙ ሰው የማያየው ስህተት ስለሆነ ረጋ ብላችሁ ተከተሉኝ።

በከተማችን የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ ነገር እንውሰድ። በ1998 ክረምት ጎርፉ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ስለ ወንዙ ዳር የሚወጣ ማንኛውም አቋም በዚህች ከተማ ከልብ የሚከራከሩበት ነው። እንበል 30 ጉባኤተኞች አሉ፤ የቀረቡት አማራጮችም ሦስት ናቸው፦ የመከላከያ ግንብ ማጠናከር፣ በወንዙ ዳር የሚኖሩትን ማዛወር፣ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት መዘርጋት። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ይበቃል።

10 ሰዎች ግንብን ያስቀድማሉ፣ ቀጥሎ ማዛወርን፣ መጨረሻ ማስጠንቀቂያን። 10 ሰዎች ማዛወርን፣ ቀጥሎ ማስጠንቀቂያን፣ መጨረሻ ግንብን። ሌሎቹ 10 ደግሞ ማስጠንቀቂያን፣ ቀጥሎ ግንብን፣ መጨረሻ ማዛወርን።

አሁን ሰብሳቢው ሁለት ሁለቱን ያወዳድር። ግንብና ማዛወር ሲቀርቡ ግንብ 20 ለ10 ያሸንፋል። አሸናፊው ግንብ ከማስጠንቀቂያ ጋር ሲቀርብ ማስጠንቀቂያ 20 ለ10 ያሸንፋል። ውሳኔው ማስጠንቀቂያ ሆነ። ሰብሳቢው በማዛወርና በማስጠንቀቂያ ጀምሮ ቢሆንስ? ማዛወር ያሸንፋል፤ ከዚያ ግንብ ማዛወርን ይጥላል፤ ውሳኔው ግንብ ይሆናል። በማስጠንቀቂያና በግንብ ቢጀምር ደግሞ መጨረሻ የሚያሸንፈው ማዛወር ነው። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ሐሳባቸውም አልተለወጠም። ወደ ፉክክሩ መጨረሻ ላይ የገባው አማራጭ ሁልጊዜ አሸነፈ።

ይህን እንቆቅልሽ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮንዶርሴ በ1785 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጽፎታል። አዲስ ነገር አይደለም። ሆኖም ተራውን ከክርክሩ በኋላ፣ የአዳራሹን ስሜት ካነበቡ በኋላ፣ በኪሳቸው ይዘው የሚወስኑ ሰብሳቢዎች አሉ። ይህ ማጭበርበር ነው፤ ለስለስ ያለ ስም ልሰጠው አልፈልግም። ሳያውቁት የሚያደርጉትም ብዙ ናቸው፤ ውጤቱ ግን ያው ነው።

መፍትሔው ፍጹም አይደለም። ተራውን ክርክሩ ከመከፈቱ በፊት አሳውቁና አስጸድቁ። ወይም ሦስቱንም በአንድ ወረቀት አቅርባችሁ አባላት በቅደም ተከተል ይጻፉ፤ በየጥንዱ ስንት ለስንት እንደሆነም ለጉባኤው አሳዩ። እንደ ላይኛው ምሳሌ ክብ ከሠራ ደብቃችሁ አትለፉት። አዳራሹ ገና አልወሰነም ማለት ነው፤ ወደ ክርክሩ ተመለሱ፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱን አማራጮች የሚያዋህድ አራተኛ ሐሳብ የሚወለደው እዚያ ላይ ነው።

«አብላጫ» የምን አብላጫ?

41 ሰዎች ተገኝተዋል። 19 ደገፉ፣ 14 ተቃወሙ፣ 8 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ጸደቀ ወይስ አልጸደቀም? ድምፅ ከሰጡት ከተባለ 19 ከ33 አብላጫ ነው። ከተገኙት ከተባለ 21 ያስፈልጋል፤ ወድቋል። መልሱ መተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ ይገኛል፤ ከስብሰባው በፊት አንብቡት፤ ቆጠራው ከተጠናቀቀ በኋላ ደንብ መፈለግ ጠብ መፈለግ ነው።

ምልዓተ ጉባኤም፣ ማለትም ለመወሰን መገኘት ያለበት የሰው ቁጥር፣ እንዲሁ። ጠዋት ስለሞላ ከሰዓትም ሞልቷል ማለት አይደለም። በድሬዳዋ ሙቀት፣ ከምሳና ከጫት ሰዓት በኋላ ስንት ሰው እንደሚመለስ ታውቃላችሁ። ከባዱን አጀንዳ ጠዋት አድርጉት፤ ከድምፅ በፊትም እንደገና ቁጠሩ።

ክርክሩን ወደ ግምገማ ማዞር

«ይህን ሐሳብ የሚያራምደው ከማን ጋር ነው?» «ባለፈው ዓመት የት ነበርክ?» እነዚህ ጥያቄዎች ሲነሡ ሰብሳቢው ወዲያው ያቁም፤ ሁለተኛ ሲደገም ተናጋሪው ተራውን ይጣ። ሂስና ግለ ሂስ የራሱ መድረክ አለው። የፖሊሲ ክርክር ላይ ሲገባ ግን ሰዎች ሐሳባቸውን ትተው ራሳቸውን መከላከል ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ የተማሩት ዝም ይላሉ፤ የተናደዱት ብቻ ይናገራሉ። አንድ ወጣት የምሕንድስና ባለሙያ ስለ ፍሳሽ መስመር ያዘጋጀውን ጽሑፍ ሳያነብ በእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ተነክቶ ሲቀመጥ አይቻለሁ። ዳግም አልመጣም። ጽሑፉን በኋላ ለምኜው አነበብኩት፤ እጅግ ጥሩ ነበር።

ታላላቆችን ማስቀደም

በቤታችን ትክክል ነው፤ በስብሰባ ግን ክርክሩን ይዘጋል። ሐጂ ከተናገሩ በኋላ «እኔ ከሐጂ ሐሳብ እለያለሁ» የሚል የሃያ ዓመት ልጅ በእኛ አገር ብዙ አይገኝም፤ አስተዳደጉም አይፈቅድለትም። ታላላቆቹን አስቀድማችሁ አነጋግሯቸውና መጨረሻ ላይ እንዲናገሩ ጠይቋቸው። ክብሩ አይቀንስም፤ አብዛኞቹ ደስ ብሏቸው ነው የሚቀበሉት።

በአማርኛ ብቻ የሚመራ ስብሰባም ሌላ ሰው ይዘጋል። ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ የሚቀናው አባል አስተርጓሚ ይመደብለት፤ የውሳኔው ጽሑፍ በሚገባው ቋንቋ ሳይነበብለት እጁን አውጣ አትበሉት።

የድምፅ አሰጣጡን ሳያስቡ መምረጥ

ድሬዳዋ የኃላፊነት ቦታ 40 በመቶ ለኦሮሞ፣ 40 በመቶ ለሶማሌ፣ 20 በመቶ ለሌሎች እየተባለ ሲከፋፈል የኖረባት ከተማ ናት። እዚህ እጅ ሲወጣ ሰው ሐሳቡን ብቻ አይቆጥርም፤ የማን ወገን እጅ እንደሆነም ይቆጥራል። ስለዚህ መሬትን፣ ቋንቋንና የሥራ ቅጥርን የሚነኩ አቋሞች በምስጢር ወረቀት ቢሆኑ እመርጣለሁ። አባሉ ስለ ራሱ ድምፅ ሲሰጥ ምስጢር ይጠብቀዋል።

ተወካይ ግን ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመዝገብ ቢያንስ 10,000፣ ክልላዊ ፓርቲ ደግሞ 4,000 መሥራች አባላት ያስፈልጉታል። ያን ያህል ሰው በአንድ አዳራሽ አይሰበሰብም፤ ጠቅላላ ጉባኤ የሚሄዱት ተወካዮች ናቸው። በቅርንጫፉ ስም የሄደ ሰው እንዴት ድምፅ እንደሰጠ ቅርንጫፉ የማወቅ መብት አለው። «በምስጢር ስለነበር አልናገርም» የሚል ተወካይ ለሚቀጥለው ጉባኤ አይላክ።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 በፖለቲካ ድርጅቶች ውስጥ ለኃላፊነት ቦታ የሚደረግ ምርጫ ነፃና ዴሞክራሲያዊ እንዲሆን ተደንግጓል። ስለ ፖሊሲ ድምፅ አሰጣጥ አንቀጹ ዝርዝር አያወጣም፤ ያን የምታገኙት በመተዳደሪያ ደንባችሁ ነው። ደንባችሁ ዝም ካለ ለጉባኤው ማሻሻያ አቅርቡ። አዲስ አባል ከሆናችሁ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ ሥራ አላውቅላችሁም።

ቃለ ጉባኤውን ለነገ ማቆየት

ውሳኔ ብቻ የሚመዘግብ ቃለ ጉባኤ ግማሽ ነው። የተሸነፈው ሐሳብ ከነምክንያቱ በሁለት መስመር ይጻፍ። በሚቀጥለው ዓመት ሁኔታው ሲለወጥ ጉዳዩን እንደገና የሚያነሣው ሰው ከዜሮ አይጀምርም፤ ሁኔታው ሳይለወጥ በየሳምንቱ የተወሰነውን እንደገና ለማስቆጠር የሚመጣውንም መዝገቡ ይመልሰዋል። ሦስቱ ቁጥሮች፣ የውሳኔው ሙሉ ጽሑፍና የተቃዋሚዎቹ ምክንያት አባላቱ ከወንበራቸው ሳይነሡ ይነበብላቸው። ከተቃወሙት አንዱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» ሲል ፈርሙበት።